አንድ ወደብ፣ ብዙ ትዝታ
በሃይፋ ሙዚየሞችና ጎዳናዎች ከቤተሰቦቻችን ጋር ያደረግነው ጉዞ

ባለፈው ዓመት ከሐኑካ በዓል ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ አንዲት እናት የሰባተኛ ክፍል ተማሪ የሆነውን ልጇን ደብተር ይዛ ቢሮዬ መጣች። እኔ በሙያዬ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ ነኝ፤ በዕብራይስጥ "ኦቬደት ሶሲያሊት" የሚሉን ማለት ነው። ወደ እኔ የሚመጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘው የኤሌክትሪክ ሂሳብ፣ የማሽካንታ ወረቀት ወይም ከቢቱዋሕ ሌኡሚ የተላከ ደብዳቤ ነው። የዚያን ቀን ግን የመጣልኝ የልጅ ደብተር ነበር።

በዚህ አገር ትምህርት ቤቶች ለሰባተኛ ክፍል ልጆች "ሾራሺም" የተባለ ሥራ ይሰጣል። ትርጉሙ "ሥሮች" ማለት ነው። ልጁ ወላጆቹንና አያቶቹን ጠይቆ ቤተሰቡ ከየት እንደ መጣ፣ በምን መንገድ እንደ መጣና ምን ይዞ እንደ መጣ ይጽፋል፤ ፎቶግራፍ ይለጥፋል፤ የዘር ሐረግ ይሥላል። በዚህ ልጅ ደብተር ላይ አርእስቱ በልዩ ልዩ ቀለም አምሮ ተጽፏል። ከሥሩ ያለው ግን አንድ መስመር ብቻ ነው፤ "ወላጆቼ ከኢትዮጵያ መጡ።" መምህርቷ በቀይ እስክሪብቶ "ቀሪውስ የት አለ?" ብላ ጽፋበታለች።

"ምን ልበለው እህቴ?" አለችኝ እናቲቱ። "አባቱ አይናገርም። እኔም ስጀምር እንባዬ ይቀድመኛል። ደግሞስ የእኛን ታሪክ ማን ይፈልገዋል? በዚህ አገር ያለው ሙዚየም ሁሉ የሌላ ሰው ታሪክ ነው።"

ይህ የመጨረሻው ንግግሯ ከልቤ አልወጣ አለ። ስለዚህ ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ተማክረን፣ ከመርካዝ ክሊታው ውስጥ አሥራ አንድ ቤተሰቦችን ይዘን አንድ ቀን ወደ ሃይፋ ከተማ ሄድን። ሃይፋን የመረጥንበት ምክንያት ቅርብ ስለሆነች ብቻ አይደለም። በዚያች የወደብ ከተማ የሚኖሩ ሰዎች ስለ አንዱ ቦታና ስለ አንዱ ቀን የሚያስታውሱት ነገር አይገጥምም። የአንዱ የደስታ ቀን ለሌላው የሐዘን ቀን ነው። ይሁን እንጂ ያንን የማይገጥም ትዝታቸውን በሙዚየም፣ በሥዕል፣ በቲያትርና በመጽሐፍ ለሕዝብ ያቀርባሉ። ይህን ማየት ለእኛ ይጠቅማል ብለን አሰብን። ያየነውንና የሰማነውን ከዚህ በታች አካፍላችኋለሁ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በዚህ አገር አቆጣጠር ነው።

ሃይፋ የማን ናት?

ሃይፋ በቀርሜሎስ ተራራ ሥር ያለች ከተማ ናት። ይህን ተራራ ሽማግሌዎቻችን ከኦሪት መጻሕፍት ያውቁታል፤ ነቢዩ ኤልያስ ከበዓል ነቢያት ጋር የተከራከረበት ነው። የኤልያስ ዋሻ የሚባለውም እዚያው ከባሕሩ ፊት ለፊት ይገኛል። አይሁድ፣ ክርስቲያኖች፣ እስላሞችና ድሩዞች በየእምነታቸው ይሳለሙታል።

የዛሬዋ ሃይፋ መነሻ የሆነችውን በግንብ የታጠረች ትንሽ ከተማ በ1760ዎቹ ዓመታት ያሠራት ዳሂር አል ዑመር የተባለ የገሊላ አረብ ገዢ ነው። በ1868 ቴምፕላር የሚባሉ ጀርመን ክርስቲያኖች መጥተው በድንጋይ የታነጸ ሠፈር ሠሩ። በ1905 ቱርኮች ባቡር ከደማስቆ አስገቡላት። በኋላም እንግሊዞች በባሕሩ ዳር ትልቁን ወደብ ሠርተው ኦክቶበር 31 ቀን 1933 መረቁት። ነዳጅም ከኢራቅ በቧንቧ እስከ ሃይፋ ይፈስ ጀመር። ሥራ ሲበዛ አይሁዱም አረቡም ከየቦታው ወደ ሃይፋ ጎረፈ። በ1940ዎቹ ከሕዝቡ ግማሽ ያህሉ አይሁድ፣ ግማሽ ያህሉ አረብ ነበር። ከንቲባው ሻብታይ ሌቪም ከአይሁድና ከአረብ የተውጣጣ የከተማ ምክር ቤት ይመሩ ነበር።

እንግዲህ "ሃይፋ የማን ናት?" ብሎ የሚጠይቅ ሰው መልስ የሚያገኘው ከአንድ አፍ አይደለም።

መርከብ ከሕንጻ ላይ

መጀመሪያ የሄድነው በአለንቢ መንገድ ወዳለው የሃዓፓላና የባሕር ኃይል ሙዚየም ነው። "ሃዓፓላ" ማለት እንግሊዞች አገሪቱን በያዙበት ዘመን አይሁዶች በድብቅ በመርከብ የገቡበት ጉዞ ነው። እንግሊዞች በ1939 ባወጡት ደንብ በአምስት ዓመት ውስጥ ከ75,000 በላይ አይሁድ እንዳይገባ ከለከሉ። ያ ጊዜ በአውሮፓ አይሁዶች የሚታረዱበት ጊዜ ነበር።

ከሙዚየሙ ሕንጻ በላይ "አፍ አል ፒ ኬን" የተባለች መርከብ ተቀምጣለች። ስሟ በአማርኛ "የሆነው ቢሆንም" እንደማለት ነው። በ1947 ከ400 በላይ ሰዎች አሳፍራ ስትመጣ እንግሊዞች በባሕር ላይ ያዟት፤ ሰዎቹንም ወደ ቆጵሮስ ደሴት ወስደው በአጥር ውስጥ አሰፈሯቸው። ወደ ውስጧ ገብቶ ማየት ይቻላል። ጠባብ ናት፤ ጣሪያዋ ዝቅተኛ ነው። ልጆቹ በአንድ ጊዜ ሮጠው ገቡ። የዚያ ደብተር ባለቤት አባት ግን ከበሩ ላይ ቆሞ ቆየ። በኋላም ቀስ ብሎ ገባና ብረቱን በእጁ ዳበሰው። ምንም አልተናገረም።

አስጎብኛችን ስለ ሁለት መርከቦች ነገረን። አንደኛዋ በጁላይ 18 ቀን 1947 ሃይፋ ወደብ የደረሰችው "ኤክሶዱስ" ናት። 4,500 ያህል ከሆሎኮስት የተረፉ ሰዎች ይዛ ነበር። እንግሊዞች ሰዎቹን በሌሎች መርከቦች አሳፍረው ወደ ፈረንሳይ መለሷቸው፤ በመጨረሻም እዚያው ሸሽተው ከወጡበት ከጀርመን ምድር አወረዷቸው።

ሁለተኛዋ "ፓትሪያ" ናት። ኖቬምበር 25 ቀን 1940 በዚሁ ወደብ ቆማ ሳለ ፈንድታ ሰጠመች፤ ከ260 በላይ ሰዎች አለቁ። እንግሊዞች በመርከቧ ያሉትን ስደተኞች ወደ ሞሪሸስ ደሴት ሊያባርሯቸው ነበር። ያንን ለማስቆም ሲል ፈንጂውን ያስገባው የአይሁዶች የራሳቸው ድርጅት ሃጋና ነው። ሐሳባቸው መርከቧ ተበላሽታ እንዳትሄድ ብቻ ነበር፤ ጉዳቱ ግን ከታሰበው በላይ ሆነ። ይህ ነገር ለብዙ ዓመታት በግልጽ አይነገርም ነበር። ፈንጂውን ያስገባው ሙንያ ማርዶር ራሱ ታሪኩን በመጽሐፍ ያወጣው በ1957 ነው።

ከመካከላችን የነበሩ አንድ አባት ይህን ሲሰሙ "ታዲያ ይህን ለምን ይነግሩናል? ነውር አይደለም እንዴ?" ብለው ጠየቁ። ጥያቄው ትክክለኛ ጥያቄ ነው። እኔ የመሰለኝን መለስኩላቸው። "አባባ፣ የሞቱት ሰዎች ቤተሰብ አላቸው። ነገሩ ቢደበቅ ቤተሰቡ ብቻውን ያዝናል፤ ሲነገር ግን አገር አብሮት ያዝናል" አልኳቸው።

በዚያው ወደብ የወጡት

ከሙዚየሙ ወጥተን በአውቶቡስ ወደ ጀርመን ሠፈር ሄድን። የሃይፋ ከተማ ሙዚየም የሚገኘው እዚያ ነው፤ ሕንጻው ቴምፕላሮች በ1869 ለመሰብሰቢያና ለትምህርት ቤት የሠሩት ነው። ሙዚየሙ ስለ ከተማይቱ ሕዝቦችና ሠፈሮች በየጊዜው የሚለዋወጥ ትርኢት ያቀርባል። የድንጋይ ቤቶቹ ያማሩ ናቸው፤ ልጆቹ ብዙ ፎቶግራፍ አነሱ። ይሁንና እነዚያም ቤቶች ሁለት ትዝታ አላቸው። ቴምፕላሮቹ ታታሪ ገበሬዎችና ግንበኞች ነበሩ፤ በ1930ዎቹ ግን ከመካከላቸው ብዙዎቹ የናዚ ደጋፊ ሆነው ስለተገኙ እንግሊዞች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አስረው አባረሯቸው።

ከዚያ በእግር ወደ ዋዲ ኒስናስ ደረስን። ይህ አረቦች የሚኖሩበት ሠፈር ነው፤ የአትክልት ገበያው፣ የዳቦው መዓዛ፣ በጠባቡ መንገድ ላይ የተሰቀለው ልብስ ለእናቶቻችን ገበያቸውን አስታወሳቸው። እዚህ የሰማነው ታሪክ ከመርከቡ ታሪክ ጋር በአንድ ወደብ ይገናኛል፤ አቅጣጫው ግን ተቃራኒ ነው።

በ1947 መጨረሻ አገሪቱ በጦርነት ልትያዝ ስትል በሃይፋ ደም መፍሰስ ጀመረ። ዲሴምበር 30 ቀን በነዳጅ ማጣሪያው በር ላይ ሥራ ፈልገው በቆሙ አረቦች ላይ የኤጼል ሰዎች ቦምብ ጥለው 6 ሰዎች ገደሉ፤ ወዲያው በማጣሪያው ውስጥ የነበሩ አረብ ሠራተኞች በአይሁድ የሥራ ባልደረቦቻቸው ላይ ተነሥተው 39 ሰዎች ገደሉ። በኤፕሪል 21 እና 22 ቀን 1948 የሃጋና ኃይል ከተማይቱን ያዘ። ከዚያ በፊት ከ60,000 በላይ አረቦች ይኖሩባት ነበር፤ ከጦርነቱ በኋላ የቀሩት ከ3,000 እስከ 4,000 ያህል ብቻ ናቸው። የተረፉትም በብዛት በዋዲ ኒስናስ እንዲሰበሰቡ ተደረገ። አሮጌው ከተማ አብዛኛው በዚያው ዓመት ፈረሰ።

የትዝታው ልዩነት እዚህ ላይ ነው። አይሁዱ ስለዚያ ቀን ሲያወራ ሃይፋ ነጻ የወጣችበት ቀን ይለዋል፤ ከንቲባ ሻብታይ ሌቪ አረቦቹን "አትሂዱ፣ ቆዩ" ብለው እንደ ለመኗቸውም ያስታውሳል። አረቡ ደግሞ በገበያው ላይ የወረደውን የሞርታር ጥይት፣ ወደ ወደቡ የሮጠውን ሕዝብ፣ ወደ ዓኮና ወደ ሊባኖስ የሄዱትን የተጨናነቁ ጀልባዎች ያስታውሳል፤ "ናክባ" ይለዋል፤ ጥፋት ማለት ነው። ከንቲባው መለመናቸው እውነት ነው። ሞርታር መተኮሱም እውነት ነው። ሰዎች የሚለያዩት የትኛውን አስቀድመው እንደሚያወሩና የትኛውን እንደሚተዉ ነው።

አንዲት ወጣት እናት ልጇን አቅፋ "እኛ በገባንበት ወደብ ሌላው ወጣ ማለት ነው?" አለች። አዎ፤ ነገሩ እንደዚያ ነው። ይህን መስማት አገራችንን እንድንጠላ አያደርገንም። በገበያ የምናገኘው ሰው፣ በሆስፒታል አብራን የምትሠራው ነርስ፣ አውቶቡስ የሚነዳው ሾፌር ምን ይዞ እንደሚኖር ማወቅ ግን ጎረቤት ያደርገናል።

ሥዕል በግድግዳ፣ ታሪክ በመድረክ

በዋዲ ኒስናስ ዳር "ቤት ሃጌፌን" የተባለ የአረቦችና የአይሁዶች የባህል ማዕከል አለ። የተቋቋመው በ1963 ነው። የሥዕል ማሳያ አዳራሽ አለው፤ ልዩ ልዩ ሠዓሊዎችም በሠፈሩ ግድግዳዎች፣ ደረጃዎችና በሮች ላይ ሥራቸውን አኑረዋል። ትኬት የለውም፣ በር የለውም፤ ስትሄዱ ታዩታላችሁ። በ1990ዎቹ የተጀመረው "የበዓላት በዓል" የሚባለው ዝግጅትም በዲሴምበር ወር ሐኑካንና የክርስቲያኖችን ልደት በአንድ ጎዳና ያገናኛል።

ስለ ጥቂት የሃይፋ ሰዎች ልንገራችሁ። አብድ አብዲ በ1942 ሃይፋ የተወለደ አረብ ሠዓሊ ነው። በ1948 ከእናቱና ከወንድም እህቶቹ ጋር ወጥቶ በሊባኖስና በሶርያ የስደተኛ ሠፈር ኖረ፤ አባቱ ሃይፋ ቀርቶ ስለነበር ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተመልሰው ተገናኙ። በሥዕሎቹ ላይ ያ ስደት ደጋግሞ ይታያል። ጌርሾን ክኒስፔል ደግሞ በልጅነቱ ከጀርመን የመጣ አይሁድ ሠዓሊ ነበር። ሁለቱ አብረው በሳኽኒን ከተማ በ1976 በ"የመሬት ቀን" ለሞቱት አረቦች መታሰቢያ ሐውልት ሠሩ። አንዱ ከሃይፋ የተሰደደ፣ ሌላው ወደ አገሩ ተሰዶ የመጣ፤ ሐውልቱን የሠሩት ግን በአንድነት ነው።

ኤሚል ሐቢቢ የሃይፋ ተወላጅ ደራሲ ነበር፤ በ1992 የእስራኤል ሽልማት ተሰጠው። በ1996 ሲሞት በመቃብሩ ድንጋይ ላይ "በሃይፋ ቀረ" የሚል ቃል እንዲጻፍ ተናዞ ነበር፤ ተጻፈለትም። ሳሚ ሚካኤል ከባግዳድ በ1949 የመጣ አይሁድ ነው፤ እስከ ሞተበት እስከ 2024 ድረስ የሃይፋ ሰው ነበር። በ1987 ያወጣው "መለከት በዋዲ" የተባለ ልብ ወለድ በዋዲ ኒስናስ የምትኖር አረብ ልጃገረድና ከሩሲያ የመጣ አይሁድ ወጣት እንዴት እንደ ተዋደዱ ይተርካል። አዲስ መጤው ቋንቋው የሚሰባበርበት፣ ሥራ የሚፈልግ፣ ብቸኛ ሰው ነው። ኡልፓን የገባ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

ሁሉም በፍቅር አይደለም

እዚህ ላይ ግን ነገሩ ሁሉ ሰላምና ዘፈን ነው እንዳትሉ። ትዝታ ሲነካ ያማል።

የአረቡ ደራሲ ጋሳን ካናፋኒ "ወደ ሃይፋ ተመላሽ" የተባለውን ድርሰት በ1969 ጻፈ። ታሪኩ በ1948 ሲሸሹ ሕፃን ልጃቸውን በቤት ጥለው ስለ ሄዱ ባልና ሚስት ነው። ከሃያ ዓመት በኋላ ሲመለሱ ቤታቸውን ከሆሎኮስት የተረፈች ሴት ይዛዋለች፤ ልጁንም እርሷ አሳድጋዋለች። ይህ ታሪክ በ2008 በቴል አቪቭ በካሜሪ ቲያትር በዕብራይስጥ ሲታይ ከውጭ የተቃውሞ ሰልፍ ተደርጓል። ሰዎች ግን ገብተው አዩት።

በጃንዋሪ 2019 ደግሞ በሃይፋ የሥዕል ሙዚየም ውስጥ አንድ የፊንላንድ ሠዓሊ የሠራው፣ የሐምበርገር ማስታወቂያ ምስልን በመስቀል ላይ የሰቀለ ቅርጽ ቀርቦ ነበር። የከተማይቱ አረብ ክርስቲያኖች እምነታችን ተናቀ ብለው ተነሡ፤ ከፖሊስ ጋርም ግጭት ሆነ። በመጨረሻ ቅርጹ ከትርኢቱ እንዲወርድ ተደረገ። አንዳንዱ "ሥዕል መከልከል የለበትም" አለ፤ ሌላው "የሰው ሃይማኖት መጫወቻ አይደለም" አለ። ሁለቱም እስከ ዛሬ በሐሳባቸው ጸንተዋል።

ሌላው ቀርቶ መንገዱ እንኳ ያከራክራል። ወደ ተራራው የሚወጣው አንድ ትልቅ ጎዳና በፊት "የተራራው መንገድ" ይባል ነበር። የተባበሩት መንግሥታት በ1947 የአይሁድ አገር እንዲቆም ሲወስኑ "የተባበሩት መንግሥታት ጎዳና" ተባለ። በ1975 ያው ድርጅት ጽዮናዊነትን ዘረኝነት ነው ብሎ ሲወስን ከተማይቱ ተቆጥታ "የጽዮናዊነት ጎዳና" ብላ ለወጠችው። እስከ ዛሬ በአረብኛ "የተራራው መንገድ" የሚሉት ሰዎች አሉ። አንድ አስፋልት፣ ሦስት ስም!

ዋዲ ሳሊብ፦ የአዲስ መጤዎች ቁጣ

ከዋዲ ኒስናስ ወደ ወደቡ ስትወርዱ ዋዲ ሳሊብ የተባለ ሌላ ሠፈር ታገኛላችሁ። ይህን ክፍል በተለይ አዲስ የመጣችሁ ወገኖቼ እንድታነቡት እፈልጋለሁ።

የዋዲ ሳሊብ ቤቶች እስከ 1948 የአረቦች ነበሩ። እነርሱ ሲወጡ ባዶዎቹን ቤቶች ከሞሮኮና ከሌሎች አገሮች በመጡ አይሁዶች ሞሏቸው። በአንድ ክፍል ብዙ ሰው ይኖር ነበር፤ ሥራ አልነበረም። ከአውሮፓ የሚመጣው ሰው የተሻለ ቤት ሲሰጠው እያዩ ልባቸው ቆሰለ። ጁላይ 8 ቀን 1959 ሌሊት ፖሊስ ያዕቆብ ኤልካሪፍ የተባለ የሠፈሩን ሰው በቡና ቤት ውስጥ ተኩሶ አቆሰለው። "ሞተ" የሚል ወሬ ተነዛ፤ አልሞተም ነበር። በማግሥቱ ሕዝቡ ወጣ፤ ሱቅ ተሰበረ፣ መኪና ተቃጠለ። ተቃውሞውን የመራው ዳዊድ ቤን ሃሩሽ ታሰረ። መንግሥትም አጣሪ ኮሚሽን አቆመ። በኋላ ነዋሪዎቹ ወደ ሌሎች ሠፈሮች ተዛወሩ፤ ዋዲ ሳሊብም ለብዙ ዓመታት መስኮታቸው በግንብ የተደፈነ ቤቶች የቆሙበት ስፍራ ሆኖ ቀረ።

በዚያን ጊዜ ብዙ ሰው የሞሮኮዎቹን ቁጣ እንደ ረብሻ ብቻ ነበር የቆጠረው። ዛሬ ግን በትምህርት፣ በመጽሐፍና በትርኢት የአገሪቱ ታሪክ አካል ሆኖ ይነገራል። እንዲህ የሆነው የዚያ ሠፈር ሰዎችና ልጆቻቸው ዝም ስላላሉ ነው። የእኛም ልጆች በ2015 እና በ2019 ስለ ቆዳቸው ቀለምና ስለ ፖሊስ በአደባባይ የጮኹትን እኛ በራሳችን ቃል ካልጻፍነው፣ ሌላ ሰው እንደ ፈለገ አድርጎ ይጽፈዋል።

ደግሞም አስተውሉ። አንዱ ቤት የአረቡም ትዝታ ነው፣ የሞሮኮውም ትዝታ ነው። ሁለቱም በዚያ ቤት ተበድለናል ይላሉ። የአንዱ በደል የሌላውን በደል አያጠፋውም።

የእኛስ ትዝታ?

ከሰዓት በኋላ ደክሞን ከወደቡ አጥር አጠገብ ተቀመጥን፤ ዳቦና ውሃ ተካፈልን። እዚያ ሳለን ብዙዎቻችሁ የማታውቁትን አንድ ነገር ነገርኳቸው። ሜይ 8 ቀን 1936፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሚያዝያ 30 ቀን 1928፣ አፄ ኃይለ ሥላሴ ከጣሊያን ሸሽተው በእንግሊዝ የጦር መርከብ ከጅቡቲ ተነሥተው የደረሱት በዚሁ በሃይፋ ወደብ ነው። ከዚህ በባቡር ወደ ኢየሩሳሌም ሄዱ። ከሁለት ሳምንት ያህል በኋላ በሃይፋ በኩል ወደ አውሮፓ አለፉ።

አንድ አዛውንት ስሙን ሲሰሙ ኮፍያቸውን አወለቁ። "ንጉሣችን በስደት እዚህ ቆመው ነበር?" ብለው ባሕሩን አዩ። አጠገባቸው የነበሩት ሌላ አባት ግን ፊታቸው ተለወጠ። "አባቴ በእርሳቸው ዘመን ርስት የሌለው ጭሰኛ ነበር። ካመረተው ላይ ለባላባት እየከፈለ ነው የሞተው። ቡዳ እያሉ ይሰድቡን የነበረውስ?" አሉ። ክርክር ተነሣ። ልጆቹ አፋቸውን ከፍተው ይሰሙ ነበር፤ እንዲህ ያለ ነገር ከቤታቸው ሽማግሌዎች ሰምተው አያውቁም።

እኔ አላስቆምኳቸውም። ቀኑን ሙሉ በሌሎች ሲሆን ያየነው ነገር በእኛ መካከል ሆነ። አንዱ ንጉሥ፣ ሁለት ትዝታ፤ ሁለቱም የቤተ እስራኤል ትዝታ።

ከዚያም ስለ "ባት ጋሊም" አወራን። ባት ጋሊም ጠዋት ካየነው ሙዚየም አጠገብ ያለ የባሕር ዳር ሠፈር ስም ነው። በ1981 በቀይ ባሕር ላይ ከሱዳን ዳርቻ ወገኖቻችንን በሌሊት በላስቲክ ጀልባ እየተቀበለች ያመጣች የእስራኤል ባሕር ኃይል መርከብም ስሟ ባት ጋሊም ነበር። ስለዚህ ያቺ እናት "የሌላ ሰው ታሪክ" ያለችው ነገር ሙሉ በሙሉ ልክ አልነበረም። እኛም በባሕር የመጣን አለን። በሱዳን መንገድና በካምፖቹ የቀሩት 4,000 ያህል እንደሚደርሱ ይገመታል፤ መታሰቢያቸው ከ2007 ጀምሮ በኢየሩሳሌም በሄርጽል ተራራ ቆሟል።

አሁን ስለ ራሴ ጥቂት ልናገር። እኔ በ1991 በዘመቻ ሰለሞን በእናቴ ጀርባ ታዝዬ የመጣሁ ነኝ። የሾራሺም ሥራዬን ስሠራ እናቴ "በአውሮፕላን መጣን፤ እግዚአብሔር ይመስገን" ብቻ አለችኝ። እኔም ያንን ጻፍኩ። አዲስ አበባ ስንጠብቅ በበሽታ የሞተች ታላቅ እህት እንደነበረችኝ የሰማሁት በ19 ዓመቴ ነው፤ ያውም ከእናቴ ሳይሆን ለለቅሶ ከመጣች ዘመዳችን። እናቴን "ለምን ደበቅሽኝ?" ስላት "ልጅነትሽ በሐዘን እንዳይመረር ብዬ ነው" አለችኝ። ቀናነቷን አውቃለሁ። ይሁን እንጂ እስከዚያ ቀን ድረስ እናቴ በየዓመቱ በአንድ ወቅት ለምን እንደምትከፋ ሳይገባኝ፣ ጥፋቱ የእኔ እየመሰለኝ ነው ያደግሁት። በሥራዬም ይህን ደጋግሜ አያለሁ። የወላጅ ዝምታ ልጁን ከሐዘን አያድነውም፤ ያዘነበትን ምክንያት ብቻ ይደብቀዋል።

ለወላጆች ጥቂት ምክር

1. ልጃችሁ ሾራሺም ሲሰጠው "አላውቅም፣ ተወኝ" አትበሉት። ሁሉን በአንድ ቀን መናገር የለባችሁም። ስለ መንደራችሁ፣ ስለ ወንዙ፣ ስለ መጀመሪያው የሲግድ በዓላችሁ ጀምሩ። ከባዱን ዕድሜው ሲፈቅድ ታደርሱበታላችሁ።

2. በአማርኛ ወይም በትግርኛ ንገሩት። እርሱ ወደ ዕብራይስጥ ይተርጉመው። የማይገባውን ቃል ሲጠይቃችሁ ቋንቋውንም ይማራል።

3. ዕቃችሁን አትጣሉ። ሰፌድ፣ ጀበና፣ የተጠለፈ ጨርቅ፣ የጎንደር ወይም የአዲስ አበባ መታወቂያ፣ አሮጌ ፎቶግራፍ ሁሉ ታሪክ ነው። በፎቶው ጀርባ የሰዎቹን ስም በእርሳስ ጻፉ።

4. ሽማግሌዎችንና ቄሶችን በስልካችሁ ድምፃቸውን ቅዱ። ከመቅዳታችሁ በፊት ግን ፈቃዳቸውን ጠይቁ። "ይህን አትቅጂ" ካሉ አክብሩላቸው።

5. ወደ ሙዚየም ስትሄዱ አስቀድማችሁ ደውሉ። የመክፈቻ ሰዓቱን፣ የቡድን ቅናሽ ስለመኖሩና በአማርኛ የሚያስረዳ ሰው ይገኝ እንደሆነ ጠይቁ። መታወቂያችሁን ያዙ። ዕብራይስጥ ካስቸገራችሁ የመርካዝ ክሊታው ሠራተኛ ይደውልላችሁ።

6. በሙዚየም ውስጥ ልባችሁን የሚያውክ ነገር ካያችሁ ዝም ብላችሁ አትውጡ። አስጎብኚውን ጠይቁ። "እኛ ይህን በሌላ መንገድ ነው የምናውቀው" ማለት ነውር አይደለም።

ደብተሩ

ማታ ወደ ቤት ስንመለስ አውቶቡሱ ጨልሞ ነበር። የዚያ ልጅ አባት ከኋላ ወንበር ላይ ለልጁ ቀስ እያለ ያወራው ጀመር። ከፊት ሆኜ ሁሉንም አልሰማሁም። "ያቺ መርከብ ውስጥ ያለው ጥበት… እኛም ጎንደር ስንጠብቅ በአንዲት ክፍል ሰባት ሆነን…" ሲል ሰማሁ። እናቲቱ በመስኮቱ ወደ ውጭ ታይ ነበር።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ልጁ ራሱ ደብተሩን ይዞ መጣ። አራት ገጽ ጽፏል። ነገር ግን ያስቸገረው ጉዳይ ነበረው። አባቱ "ጎንደር ዘጠኝ ዓመት ጠበቅን" ይላል፤ እናቱ ደግሞ "አሥራ ሁለት ዓመት ነው" ትላለች። እርሱ የሚቆጥረው ስማቸው በመዝገብ ከገባበት ቀን ነው፤ እርሷ የምትቆጥረው የወላጆቿን መንደር ጥላ ከወጣችበት ጠዋት ጀምራ ነው። በቤት ውስጥ ተከራክረዋል።

"የትኛውን ልጻፍ?" አለኝ።

"ሁለቱንም ጻፍ" አልኩት። "ማን ምን እንዳለ፣ ከየት ጀምሮ እንደ ቆጠረም ጻፍ።"

ውድ አንባቢያን፣ እናንተም በየቤታችሁ የምትቆጥሩት ዓመት አላችሁ። ለልጆቻችሁ ንገሯቸው። በጤና ያቆየን።